የዕድሩ ዳኛ ሳል

አንድ የዕድር ዳኛ ሳል ያዘው። ደረቅ ሳል ነው። አክታ የለው፣ ትኩሳት የለው፣ ብቻ ኩህ! ኩህ! ኩህ! ዕድርተኛውን ሰብስቦ «ወገኖች፣ ዛሬ የጠራናችሁ...» ይላል፤ ኩህ! ለቅሶ ቤት ገብቶ «እግዚአብሔር ያጽና...» ይላል፤ ኩህ! ሐዘንተኛው ለቅሶውን ትቶ ውኃ ይፈልግለታል።

አቶ ደምሌ ይባላል። ምን ያድርግ? ጥፋተኛ ፍለጋ ወጣ።

መጀመሪያ የተከሰሰው በርበሬ ነው። «የገደለኝ ያንቺ በርበሬ ነው!» አላት ሚስቱን ወይዘሮ ትርንጎን። እሷም በርበሬዋን ተሸክማ እህቷ ቤት ሄዳ አስወቀጠች። ሳሉ አልሄደም። ቀጥሎ ድመቷ ተከሰሰች፤ በጆንያ ሆና ወደ ገጠር ተሸኘች። ሳሉ አልሄደም። ከዚያ የጎረቤቱ የወይዘሮ አጸደ ዶሮዎች ተከሰሱ። «አቧራውን የሚያስነሡት እነሱ ናቸው» እያለ ቁም ስቅሏን አሳያት። ምስኪን አጸደ እንቁላል ጣይ ዶሮዎቿን እያለቀሰች ሸጠች። ሳሉስ? ኩህ!

ፌጦ በላ፣ ዝንጅብል አፈላ፣ ነጭ ሽንኩርት በማር ዋጠ። በመጨረሻ ትርንጎ ክንዱን ይዛ ሐኪም ቤት ወሰደችው። ወጣቷ ሐኪም ደረቱን አዳመጠች፣ ራጅ አስነሣችው። ሳንባው ንጹሕ ነው።

«አባቴ፣ አሁን የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

«የለም!»

«ለስኳር፣ ለደም ግፊት...»

«እኔ? ደም ግፊት? ምን ይዞኝ ልጄ!»

ምእመናን፣ ዋሸ። የደም ግፊት ክኒን ኮቱ ኪስ ውስጥ አለ። ሌላ ከተማ ለለቅሶ ሄዶ ሳለ ራሱን አዞረውና እዚያ ያለ ሐኪም አዘዘለት። ለምን ደበቀ? የተጣላ ሁሉ የሚታረቀው እሱ ፊት ነዋ! «ደም ግፊት የቁጡ ሰው በሽታ ነው፤ እኔን እዩ፣ ረጋ በሉ» እያለ ሰፈሩን ሁሉ ሲመክር ኖሯል። አሁን በምን አፉ «ያዘኝ» ይበል? ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ሽንት ቤት ይገባል፣ በሩን ይቀረቅራል፣ ክኒኑን በምራቁ ይውጣል።

ሐኪሟ ትንሽ አሰበች። «እንግዲያው ወደ ትልቅ ሆስፒታል እልክዎታለሁ። በጉሮሮዎ ቀጭን ቱቦ ገብቶ ውስጥዎ ይታያል» አለችው።

ቱቦ ሲባል ላቡ ጠብ አለ።

«ልጄ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ባለቤቴ ለጥቂት ጊዜ ውጭ ትቆይልኝ።»

«አልወጣም!» አለች ትርንጎ። «ያቺን ሽንት ቤት የምትውጣትን ልትነግራት አይደል? ንገራት!»

ክው አለ። «ታውቂ ነበር?»

«ኮትህን ማን የሚያጥብልህ መስሎህ ነው? አንተው ትነግረኛለህ ብዬ ዝም አልኩ። ዝም ብል ድመቴን አባረርህብኝ!»

ከኮቱ ኪስ ክኒኑን አወጣ። ሐኪሟ ስሙን አነበበችና ፈገግ አለች። «ይህ መድኃኒት በአንዳንድ ሰው ላይ እንዲህ ያለ ደረቅ ሳል ያመጣል። በራስዎ ግን እንዳያቋርጡት፤ እኔ በሌላ እለውጥልዎታለሁ።»

ተለወጠለት። ሳሉ እየቀለለ፣ እየቀለለ ሄዶ ጠፋ። የቀረው የአጸደ ጉዳይ ነው። አንገቱን ደፍቶ ቤቷ ሄደ። «ዶሮዎችሽ ንጹሐን ናቸው» አላት። «ንጹሐንስ ናቸው፤ ግን ተበልተዋል» አለችው። ቄቦች ገዝቶ ካሳት፤ እግረ መንገዱንም ደም ግፊት እንዳለበት ነገራት። «እኔም አለብኝ እኮ» አለች፣ «አንተን ፈርቼ ነው ያልተናገርኩት።»

እስቲ ልጠይቃችሁ። እናንተስ ቤታችሁ ሰላም ሲያጣ ማንን ከሰሳችሁ? ሚስታችሁን? የአማታችሁን ምላስ? የጎረቤታችሁን ዶሮ? «ጌታ ሆይ፣ ይህን ሳል አርቅልኝ» ብላችሁ ትጸልያላችሁ፤ ኪሳችሁን ግን በእጃችሁ ጭብጥ አድርጋችሁ ይዛችሁታል። ቂሙ እዚያ አለ። ውሸቱ እዚያ አለ። «ሰው ምን ይለኛል» እዚያ አለ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማችሁም?

ደግሞስ ከማን ነው የምትደብቁት? ጌታ ኪሳችሁን እኮ ያውቀዋል! ዝም ያለው ከእናንተው አፍ ሊሰማው ፈልጎ ነው። እስከ መቼ ታስጠብቁታላችሁ? ቱቦው እስኪመጣ?

በሉ፣ ራሳችንን ዝቅ እናድርግና አሁን እንንገረው። የሚስትን አይደለም፣ የጎረቤትን አይደለም፤ እያንዳንዳችን የየራሳችንን።