ለፎቶ የተነቀለው ሳር

አንድ ጊዜ አንዲት ጦጣ ወንዝ ዳር ድንጋይ ላይ መንገደኛ የረሳውን ካሜራ አገኘች። ሌላ ጦጣ ቢሆን ነክሶ ይጥለው ነበር፤ እሷ ግን ቁልፎቹን እየነካካች በሦስት ቀን ፎቶ ማንሳት ተማረች። ከዚያ በኋላ ጧት ጧት ሜዳውን እየዞረች ማንም ልብ የማይላቸውን ፍጥረታት ታነሳ ጀመር፦ ድሯ ላይ ጤዛ ያንጠለጠለች ሸረሪት፣ ፋንድያ የሚገፋ ጥንዚዛ፣ አሮጌ ቆዳዋን የምትጥል ፌንጣ። ለፌንጣዋ ግማሽ ቀን በሆዷ ተኝታ ጠብቃለች። ከሰዓት በኋላ ሾላ ሥር ተቀምጣ ያነሳችውን በካሜራው መስታወት ለአውሬዎቹ ታሳያለች።

አያ ጅቦ መጀመሪያ የመጣ ዕለት የጥንዚዛውን ፎቶ ላሰው።

«ጣዕም የለውም» አለ።

«ፎቶ ነው እኮ፣ አያ ጅቦ። የሚታይ እንጂ የሚበላ አይደለም።»

«ካልተበላ ታዲያ ለምን ይታያል?»

ቀበሮ አልላሰም። አንገቱን ዘንበል አድርጎ አንድ በአንድ ተመለከተ።

«እመት ጦጢት፣ እጅሽ ይባረክ። የሸረሪቷ እግር ላይ ያለው ፀጉር ሳይቀር ይቆጠራል። ይህቺኛዋ ግን ማን ናት?»

ቆቅ ነበረች። ረጅም ሳር ውስጥ ስለተቀመጠች አንድ ዓይኗና የክንፏ ጫፍ ብቻ ይታያል። ቆቅ እንኳን ለባዕድ ለዘመድም ጎጆዋን አታሳይም። ጦጣን ያስጠጋቻት ማንንም ሳትነካ ስትመላለስ አይታ፣ ቦታውን ለማንም እንዳትናገርም አስምላ ነው።

«የት እንዳለች አልናገርም» አለች ጦጣ፣ ካሜራውን ወደ ደረቷ ስባ።

«ማን ጠየቀሽ? እኔ የማዝነው ለድካምሽ ነው። ሳሩ በላው። እንቁላል ታቅፋ ይሁን ተኝታ በምን ይታወቃል?»

«ሰባት ታቅፋለች» አለች ጦጣ ሳታስበው።

«አንቺ ትያለሽ። እኛ የምናየው ሳር ነው። ነገ ደግሞ ጦጢት ማንሳት አትችልም ይሉሻል።»

«ማነው እንደዚያ የሚል?»

«እኔ አልልም። ይላሉ ነው ያልኩሽ።»

በማግስቱ ጧት ጦጣ ከጎጆው ፊት ተንበርክካ ሳሩን ትነቅል ጀመር።

«ምን እያደረግሽ ነው፣ እህቴ?» አለች ቆቅ።

«ትንሽ ነው የምነቅለው። ይጋርድብኛል።»

«እኔ እኮ እዚህ የተቀመጥኩት እንዲጋርደኝ ብዬ ነው።»

«በሳምንት ተመልሶ ይበቅላል።»

«በሳምንት እኔም እፈለፍላለሁ። እስከዚያ ተይልኝ።»

«ቦታውን ለማንም አልተናገርኩም፤ መሐላዬን አውቃለሁ» አለች ጦጣ። እጇ ግን አላረፈም። «እስቲ አሁን ትንሽ ከፍ በይልኝ፣ እንቁላሎቹ ይታዩ።»

ቆቅ ወዴት ትሄዳለች? እንቁላሏን ተሸክማ ጎጆ የምትቀይር ወፍ የለችም። ቶሎ ጨርሳ ትሂድልኝ ብላ ከፍ አለችላት። ጦጣም አነሳችና እየዘለለች ሄደች።

ቀበሮ አልተከተላትም። ኮረብታው ላይ ተጋድሞ ሜዳውን ቁልቁል ያይ ነበር። ትናንት ወጥ አረንጓዴ በነበረው ሜዳ መሀል፣ አሁን ሰፌድ የምታህል መላጣ ቦታ ታየችው። ተነሣ፣ ተንጠራራ፣ ሳይቸኩል ወደዚያው ወረደ። ቆቋ ነፍሷን ብቻ ይዛ በረረች።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም ሾላው ሥር ተሰበሰቡ። ፎቶው ጥርት ያለ ነበር። ሰባቱም እንቁላሎች፣ አንደኛው ላይ የተጣበቀችው ላባ ሳትቀር፣ ቁልጭ ብለው ይታያሉ።

«አሁን ሥራ ሠራሽ» አለ ቀበሮ፤ ጠግቦ ከኋላ ተጋድሟል።

«እንቁላሎቹ አሁን የት ናቸው?» ሲል አያ ጅቦ ጠየቀ። ጦጣ የቀበሮን አፍ አየች፤ ጢሙ ላይ አስኳል ደርቋል።

በዚህ መሀል ቆቋ መጣችና ከጦጣ ፊት ቆመች።

«አልተናገርኩም» አለች ጦጣ። «አንዲት ቃል ከአፌ አልወጣችም።»

«አውቃለሁ። እስቲ አሳይኝ።»

ጦጣ መስታወቱን አዞረችላት። ቆቋ ሰባቱንም አንድ በአንድ አየቻቸው።

«እውነትሽን ነው፤ ምንም አልጋረደውም» አለችና ሄደች።

ከዚህ የምንማረው፣ ለእኛ ዓይን እንዲመች የገለጥነው ደካማ ለጠላቱም ዓይን እንደሚገለጥ፣ አፋችንን መዝጋታችንም ከጥፋቱ ነጻ እንደማያወጣን ነው።