መርዶ ይዞ የመጣው ጎብኚ

አንድ ሙላው የሚባል የእህል ነጋዴ ነበር። አንድ ቀን ማለዳ ተነሥቶ በአንዲት ትንሽ መንደር ወዳለ ጥንታዊ የሴቶች ገዳም ሄደ። ታናሽ እህቱ እናኑ እዚያ ከመነነች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እናታቸው ካረፉ ደግሞ ሦስት ወር አልፏል። ሙላው ጥላን ሄደች ብሎ ስላኮረፋት ለቀብሩ አላስጠራትም፤ መርዶም አልላከላትም።

በሩ ላይ አንዲት አሮጊት መነኩሴ ተቀብለው ምን ፈልጎ እንደመጣ ጠየቁት። እውነቱን መናገር አቃተውና ገዳሙን ልጎበኝ ነው አላቸው።

እማሆይም ያዞሩት ጀመር። ቤተ ክርስቲያኑን አሳዩት፤ የብራና መጻሕፍቱን ገለጡለት። እሱ ግን አንድ ቦታ መቆም አልቻለም። ሥዕሉን አይቶ ሳይጨርስ ወደ ደወሉ ይሄዳል፤ ስለ ደወሉ መልስ ሳይሰማ ግንቡን የትኛው ንጉሥ እንዳሠራው ይጠይቃል። ቆብ የደፋች ሴት ባለፈች ቁጥር ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። ልሂድ ብሎ ይሰናበትና፣ ሌላ የሚታይ ነገር የለም ወይ ብሎ ይመለሳል።

በመጨረሻ እማሆይ ደክሟቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ ስለሞቱት ነገሥታት ሁሉ ጠየቅኸኝ» አሉት። «በሕይወት ካለነው የምትጠይቀው ሰው የለህም?»

ሙላው አጠገባቸው ተቀምጦ የእህቱን ስም ጠራ። እማሆይ በዚያ ስም የምትጠራ መነኩሴ አያውቁም። የምንኩስና ስሟን ቢጠይቁት እሱም አያውቀውም፤ በዘጠኝ ዓመት አንድ ቀን እንኳ አጠያይቆ አልሰማም። የአባቷን ስምና አገሯን ሲነግራቸው ገባቸውና ከአትክልቱ ቦታ አስጠሯት።

እናኑ እጇ አፈር እንደነካው መጣች። ሙላው መንገዱን ሙሉ ያዘጋጀው ንግግር ጠፋበት። «እናታችን...» ብሎ ማልቀስ ጀመረ።

«ሰምቻለሁ፣ ወንድም ዓለም» አለችው። «ለበዓል የመጡ ሰዎች ነግረውኝ ብቻዬን አለቀስሁ። ከዚያ ወዲህ በሩ በተንኳኳ ቁጥር አንተ የመጣህ እየመሰለኝ ብቅ እላለሁ።»

አብረው እንደ አዲስ አለቀሱ። ሙላውም እስኪመሽ ከእህቱ አጠገብ አልተነሣም።

የበደልነውን ሰው ፊት ማየት ስንፈራ ሥራ እናበዛለን፣ መንገድ እናበዛለን፣ ወሬ እናበዛለን። ልባችን የሚያርፈው ግን በዚያ ሰው ፊት ቀርበን አንደበታችንን የከፈትን ዕለት ነው። እናንተስ ሰበብ እየፈለጋችሁ የምትሸሹት ማንን ነው? ምናልባት እሱም በሩን እያየ ይሆናል።