ካርዱ ባዶ የነበረው ሰው

ጥቅምት አሥራ አንድ ቀን 2011 ዓ.ም.፣ እሑድ፣ በእድራችን ስብሰባ ላይ ይታገስ የሚባል ሰው ሰደበኝ። ቀኑን ይዤዋለሁ። ወገኖቼ፣ አትፍረዱብኝ።

ሃያ ሁለት ዓመት የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ነበርኩ። ሰው ሲሞት፣ ጎህ ሳይቀድ ሰፈሩን እየዞርኩ የምጠራው እኔ ነኝ። ይታገስ ደግሞ ኮምፒውተር የተማረ ነው። በሰው ሁሉ ፊት ተነሥቶ፣ «ጋሽ በላቸው፣ እርስዎ ጉሮሮዎን ያሳርፉ። የሃያ ዓመት ጩኸትዎን እኔ በሦስት መስመር እጨርሰዋለሁ» አለ። ወይዘሮ ሙላቷ አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች። አንቱ እያሉ መስደብ አለ፤ ታውቁታላችሁ? እሱ ይብሳል።

ከዚያ አስረዳን። ከአምስተኛ ክፍል ባላልፍም ገብቶኛል። ጃቫስክሪፕት በሚሉት የኮምፒውተር ቋንቋ የአባላቱን ዝርዝር ይጽፋል። እያንዳንዱ አባል አንድ ካርድ ነው በሉት። ካርዱ ላይ ስም አለ፣ የቤት ቁጥር አለ፣ «በሕይወት አለ» የሚል ቦታም አለ። በሦስት መስመር የሚጽፈው ማጣሪያ ካርዶቹን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ በአንድ ያነሣና አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃል፦ በሕይወት አለ? «አዎ» የተጻፈበት ወደ አዲስ ዝርዝር ያልፋል። ሌላው ይቀራል። ወደ አዲሱ ዝርዝር ለገቡት የቀረውን ሰው ስም የያዘ «ለቅሶ ድረሱ» የሚል መልእክት በስልካቸው ይላካል። ለቀረው ድንኳን ይተከላል።

«ቢሳሳትስ?» አሉ የእድሩ ዳኛ አቶ ሽብሩ።

«ማሽን አያዳላም፣ አባባ።»

እውነት ነው፣ አያዳላም። እኔ ግን ጥሩምባዬን ከማንሣቴ በፊት ሟቹ ቤት እገባ ነበር። ገልጬ ፊቱን አያለሁ። ከዚያ ነው የምነፋው። በሦስቱ መስመር ውስጥ ገብቶ የሚያይ ማን አለ?

ይታገስ የሦስት መቶ አሥራ ሁለት አባል ካርድ ሞላ። የራሱ ላይ ሲደርስ «በሕይወት አለ» የሚለውን ባዶ ተወው። ለምን ይሞላዋል? መዝጋቢው እሱ። የእኔን መኖር ማን ይጠይቃል ብሎ ይሆናል።

ማክሰኞ ጠዋት ማጣሪያው ሥራ ጀመረ። ባዶ ማለት «አዎ» ማለት አይደለም። ማሽኑ አልጮኸም። ስህተት አለ አላለም። ዝም ብሎ ዘለለው። ሦስት መቶ አሥራ አንድ ስልክ ባንድ ጊዜ አንቃጨለ፦ አባላችን ይታገስ ዓለሙ ዐርፈዋል። መልእክቱ ያልደረሰው አንድ ሰው ብቻ ነው። ማን? እሱ ራሱ። ደውሎ ያጣራስ አለ? ለሞተ ሰው ማን ይደውላል!

ላጤ ነው፤ ቤቱ ተቆልፏል። ሬሳው ከሆስፒታል ይመጣል እየተባለ ድንኳን ውስጥ ቁጭ ብለን ስንጠብቅ፣ አሥር ሰዓት ላይ ይታገስ ከሥራ መጣ። በእግሩ።

«ማን ሞተ?» አለ።

ሁሉም ጫማ ጫማውን አየ። ወይዘሮ ሙላቷ አማተበች። «አትንኩት» አለ አንድ ድምፅ ከኋላ።

እጁን ለአቶ ሽብሩ ዘረጋ። እሳቸው እጁን አዩ። ስልካቸውን አዩ። እንደገና ስልካቸውን አዩ።

«አባባ ሽብሩ፣ እኔ ነኝ እኮ! ይኸው ቆሜያለሁ!»

«ልጄ» አሉ ቀና ሳይሉ፣ «ነፍስህን ይማረው።»

እናንተ የምትሰሙኝ፣ አሁን ፈገግ ያላችሁ አላችሁ፤ አያለሁ። የእናንተስ ማጣሪያ ምን ብሎ ይጠይቃል? ሰው ሰላም ከማለታችሁ በፊት ምኑን ታያላችሁ? ተምሯል ወይ? ለብሷል ወይ? የማን ልጅ ነው? ያላለፈው አይጮህም። ዝም ተብሎ ይዘለላል። አጠገባችሁ የተቀመጠውን ሰው ዛሬ ፊቱን አይታችኋል?

አንድ ነገር ግን ይታገስ ራሱ ነግሮናል፤ አልዋሸም። ማጣሪያው አዲስ ዝርዝር ያወጣል እንጂ የፊተኛውን መዝገብ አይነካም። የጣላችሁት ሰው ካርድ እዚያ እንዳለ አለ። ያ መዝገብ ያለው በማን እጅ ነው? አንድ ቀን ሲገለጥስ የጣላችኋቸው ሰዎች ስም አንድ በአንድ ሲጠራባችሁ ምን ትላላችሁ?

የእኔን ላልደብቃችሁ። መጨረሻው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነበር። ወደ እኔ መጣ።

«ጋሽ በላቸው፣ እርስዎ ገብተው ያያሉ። ሳያዩ ነፍተው አያውቁም። ፊቴን ይዩኝና ይንገሯቸው።»

እጄን ያዘኝ። እጁ ትኩስ ነበር። ትንፋሹ ፊቴ ላይ ነበር። ድንኳኑ በሙሉ አፌን አፌን ያያል። አንድ ቃል ብል ያምኑኝ ነበር፤ በሃያ ሁለት ዓመት አንድም ቀን ሐሰት ነፍቼ አላውቅም።

የእኔም ማጣሪያ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለው፦ አክብሮኛል?

ጥቅምት አሥራ አንድ። እሑድ። የሙላቷ ሳቅ።

እጄን ከእጁ አስለቀቅሁ። ባርኔጣዬን አነሣሁ። ስሜን እየጠራ ተከተለኝ፤ እስከ ድንኳኑ አፍ። ወገኖቼ፣ አልመለስኩለትም። ሄድኩ።