ገሳ ሠሪው ይመርና የጊጫ ሜዳ ቅዳሜ

ተጠጉ፣ ተጠጉ። እዚህ መጥረጊያዎቼ አጠገብ ተቀመጡ፤ መጥረጊያ ግዙ አልላችሁም። ከከተማ በታክሲ መጣችሁ፣ አይብ ገዛችሁ፣ ሌማት ገዛችሁ፣ በስልካችሁ ፎቶ አነሣችሁ። መልካም አደረጋችሁ። ግን ከገበያ ዕቃ ብቻ ይዞ የሚመለስ ሰው፣ ድግስ ቤት ገብቶ እጁን ታጥቦ እንደወጣ ሰው ነው። ያልቀመሳችሁት አለ። እሱን ልስጣችሁ።

ድሮ ነው። ድሮ ስል፣ አባቴ ያልደረሰበት፣ አያቴ ግን በጆሮው ያቆየልኝ ድሮ ነው። ሰው ጥቂት፣ ጅብ ብዙ የነበረበት ጊዜ ነው። ያኔ ይህ ሰፈር ሰፈር አልነበረም። ኮንዶሚኒየም የለ፣ አስፋልት የለ፣ የታክሲ መጨረሻ የለ። እዚህ የተቀመጣችሁበት ረግረግ ነበረ፤ ረግረጉ ላይ ጊጫ የሚባል ረጅም ሣር ይበቅል ነበር። ጊጫ ሜዳ የተባለውም በሱ ነው። ገበያው ታዲያ እዚህ አልነበረም። ገበያው ቅዳሜ ቅዳሜ እላይ ጉብታው ላይ፣ ከጭቃ ሹሙ ከወንዳፍራሽ አጥር ሥር ይቆም ነበር።

በዚያ ዘመን ይመር የሚባል ሰው ነበረ። መሬት የለውም። በሬ የለውም። ያለው ጣቱ ነው። ከረግረጉ ጊጫ ያጭዳል፣ ያደርቃል፣ ገሳ ይጎነጉናል። ገሳ የማታውቁ ትኖራላችሁ፤ ከራስ እስከ ባት የሚወርድ፣ ከሣር የተሠራ የዝናብ ልብስ ነው። ከላይ የወረደበትን ውሃ ሁሉ አንሸራቶ ይጥለዋል።

የይመር ችግሩ አንድ ነው። ሰው ገሳ ትዝ የሚለው ሲዘንብበት ነው። ፀሐይ ላይ ገሳ ዘርግቶ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ዝናብ የሚለምን ይመስላል። ገበያተኛውም ማማት ጀመረ። «ይኼ ሰውዬ የሚጠቀመው እኛ ስንበሰብስ ነው። ተቀምጦ ዝናብ ይጠራብናል» አለ። ሞኝነት ነው ትሉኝ ይሆናል። አዎ፣ ሞኝነት ነው። ግን በርበሬ ያሰጣ ሰው ደመና ሲያይ የሚከሰው አያጣም።

አንድ ቅዳሜ ሰማይ ጠቆረ፣ ነፋስ ተነሣ፣ ዝናብ መጣ። ሰዉ ተተራመሰ። ይመር ያን ቀን ደህና አድርጎ ነገደ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የኛ ሰው ቅዱስ አልነበረም። ሰው ሲሻማበት ጊዜ ገሳውን በእጥፍ ሸጠው፤ የመጨረሻውንማ ስንት እንደሸጠው ለማንም አልተናገረም። እየሳቀ ቤቱ ገባ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ቦታው ላይ ተቀመጠ። ከጎኑ ጦይባ የምትባል፣ አሞሌ ጨው የምትሸጥ መበለት ነበረች። መጣች። ምንጣፏን አነጠፈች። ምንጣፉ ላይ ምንም የለም። እህል ቢረጥብ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ሸክላ ቢረጥብ ይጠረጋል፣ ጨው ከረጠበ ግን የለም። የጦይባ ጨው ቀልጦ ጉብታውን ወርዶ ሄዷል። ጥሪቷ ያ ነበር፤ ሌላ አልነበራትም።

«ምነው ጦይባ፣ ባዶ ምንጣፍ ታነጥፊያለሽ?» አላት።

«ቦታዬ እንዳይያዝብኝ ነው፣ አያ ይመር። ጨው ባይኖረኝ እንኳ ቦታ ልኑረኝ።»

ይመር አፈረ። ሰው ሲያፍር ወይ ይቆጣል ወይ ይሰጣል፤ ይመር ሰጠ። በዝናቡ ያገኘውን ከመቀነቱ ፈትቶ «አሞሌ ግዢበት» አላት። ጦይባም እምቢ አላለችም። የቸገረው ሰው እምቢ ሲል የሰማችሁ እንደሆነ ተረት ነው። ይመርም ለማንም ሳይምል ለራሱ ብቻ፣ «ከእንግዲህ ገሳ በዝናብ አልሸጥም» አለ።

ሰዉ ግን ይህን አላየም። ሰዉ ያየው የበሰበሰ በርበሬውን ነው። ጭቃ ሹሙ ዘንድ ሄዶ ከሰሰው። ወንዳፍራሽም ይመርን አስጠርቶ፣ «ከመሀል ገበያ ተነሣና አህዮቹ ዘንድ ተቀመጥ። ሁለተኛ ዝናብ ከጠራህብን ደግሞ ከገበያዬ ጨርሰህ ትወጣለህ» አለው። ገበያ የተከለከለ ገሳ ሠሪ ማለት በቁሙ የተቀበረ ሰው ነው። ለማን ይሸጣል? ለጅብ? ይመር ግን ወደ አህዮቹ ሄደ፣ ተቀመጠ፣ ገሳውን ጎነጎነ።

ብዙም አልቆየም። ሰማይ ጠቆረ፣ ነፋስ ተነሣ፣ ዝናብ መጣ። ይመር የጎነጎነውን ገሳ ሁሉ ተሸክሞ ከአህዮቹ መሀል ሮጠ። መጀመሪያ የጦይባን ጨው ሸፈነ። ቀጥሎ በርበሬውን ሸፈነ። ቀጥሎ ፈትሉን ሸፈነ። የእነዚያው የከሰሱት ሰዎች ዕቃ ነው። ከሳሾቹ እያዩት ነው፣ እሱ ግን አያያቸውም፤ ዝናብ ላይ ማን ማንን ያያል።

በዚህ መሀል አንድ ባለበቅሎ ነጋዴ መጣ። የጭቃ ሹሙ እንግዳ ነው፤ ነጭ ለብሷል፣ ነጩ ደግሞ ጭቃ ሆኗል።

«ገሳ ሽጥልኝ። ያልከውን እሰጥሃለሁ» አለው።

«በዝናብ ዋጋ አይነገርም፣ ጌታዬ። ፀሐይ ሲወጣ ይምጡ።»

«እስከዚያ ልበስብስ?»

«ለምን ይበሰብሳሉ? ከዚህ ሥር ይግቡ። መጠለሉ በነፃ ነው።»

ባለበቅሎው ከጨው ጋር አንድ ገሳ ሥር ገባ። ጉልበቱን አቅፎ፣ በቅሎውን በሩቁ እያየ፣ ዝናቡ እስኪያባራ ተቀመጠ። ሲወጣ ልብሱ ጨው ጨው ይል ነበር አሉ። የዚያን ቀን የሳቀው ሕዝብ እስከ ሌላው ቅዳሜ አላቆመም። ይመርም በገሳው ለተጠለለው ሁሉ፣ «እስከ ቤትህ ልበሰው፣ ቅዳሜ መልስልኝ» አለ። መለሱለት። አንድ ሰው ብቻ አልመለሰም። ስሙን አውቀዋለሁ፤ የልጅ ልጆቹ እዚህ ስለሚገበያዩ ግን አልናገርም።

ጭቃ ሹሙ ይመርን ሊያስወጣ ከሳሽ ቢፈልግ ከሳሽ ጠፋ። ማንም ምንም አልጠፋበትማ። ይመር እንደተገፋ አህዮቹ ዘንድ ቀረ፣ ገሳውን ጎነጎነ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ከሁሉ የባሰው ነው። ክረምቱ ቀረ። ሐምሌ ገብቶ ሰማዩ እንደ መስከረም ጠራ። ረግረጉ ደረቀ፣ ተሰነጣጠቀ። ሰዉም ደግሞ ማማት ጀመረ። በፊት ዝናብ ይጠራል ያለው ሕዝብ አሁን፣ «ይመር ስለገፋነው ተቀይሞ ዝናቡን ያዘብን» አለ። ወሬ እንዲህ ነው፤ ቢገለብጡትም አይሰበርም።

ወንዳፍራሽ ይመርን መሀል ገበያ አስቆመው። ዙሪያውን ሕዝብ ከበበው።

«ጥራ» አለው።

«ምኑን ልጥራ፣ ጌታዬ?»

«ዝናቡን ነዋ።»

«እኔ ገሳ ሠሪ ነኝ። ዝናብ የጠራሁበት ቀን የለም። ዝናብ የራሱ ባለቤት አለው።»

«ሳንፈልግህ ታዘንባለህ፣ ስንፈልግህ አልችልም ትላለህ? እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ጊዜ ሰጥቼሃለሁ። ወይ ታዘንባለህ፣ ወይ ከገበያዬ ትወጣለህ።»

ያን ሳምንት ጦይባ ወደ ይመር ጎጆ ሄደች። ፈርታለታለች። «አያ ይመር፣ እሺ በላቸው። ገሳህን አወዛውዝና አንድ ነገር በል። ዛሬ ባይዘንብ አንድ ቀን መዝነቡ አይቀርም፤ ያኔ ትከበራለህ» አለችው።

«ያኔ ደግሞ ሲበዛባቸው አቁም ይሉኛል» አላት።

ሳቀች፣ ኋላም አለቀሰች። እሱ ግን ገሳውን ጎነጎነ።

ቅዳሜ ደረሰ። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ወንዳፍራሽ ጠየቀ፣ ይመር ያንኑ መለሰ። «እንግዲያው ውጣ» ተባለ። ይመር ገሳውን ጠቀለለ፣ ተሸከመ፣ ጉብታውን ወደ ደረቀው ረግረግ ወረደ። ማንም አልተናገረም። ወደ ኋላም አላየም፤ ወደ ኋላ ቢያይ የሚያለቅስ መሰለው።

ጦይባ ተነሣች። አሞሌዋን ቋጠረች፣ ምንጣፏን ጠቀለለች።

«አንቺ ደግሞ ወዴት ነው?» አላት ወንዳፍራሽ።

«ቦታውን ለእርስዎ ትቼዋለሁ። ጨው የሚገዛ ይከተለኝ።»

ይህን ያለችው ባዶ ምንጣፍ አንጥፋ ቦታዋን ስትጠብቅ የዋለችው ሴት ናት። ወረደችና ረግረጉ ዳር ከይመር ጎን አነጠፈች። ጨው ከሄደ ማን ይቀራል? በርበሬ ሻጯ ተነሣች። ሸክላ ሻጮቹ ተነሡ። እህል ተነሣ፣ ቅቤ ተነሣ፣ ፈትል ተነሣ። እኩለ ቀን ሳይሆን ጉብታው ላይ የቀሩት ጭቃ ሹሙና ፍየሉ የጠፋበት አንድ ሰውዬ ብቻ ነበሩ። ገበያችን ከጉብታ ወርዶ እዚህ ዳገት ሥር የተቀመጠው ለዚህ ነው። ቦታው ጭቃ ነው ብላችሁ ስታማርሩ ሰምቻችኋለሁ። ጭቃ ነው፤ የኛ ጭቃ ነው።

ዝናቡ ያን ቀን አልመጣም። ይህን ታሪክ ሌላ ሰው ሲያወራችሁ ያን ቀን ዘነበ ቢላችሁ አትመኑት። ዝናቡ የመጣው ደስ ባለው ጊዜ ነው፤ ሰው ተስፋ ቆርጦ ስለ ሰማይ ማውራት ካቆመ በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ።

ሰማይ ጠቆረ፣ ነፋስ ተነሣ፣ ዝናብ መጣ። ያን ቀን የረገመው የለም። ሴቶቹ እልል አሉ፣ ሽማግሌዎቹ ፊታቸውን ወደ ሰማይ አቀኑ። ይመር ብቻ ይሮጣል። ጨዉን ሸፈነ፣ በርበሬውን ሸፈነ፣ ፈትሉን ሸፈነ። ገሳው አለቀ። ለራሱ የሚደርበው ጠፋ። ሸምግሏል፣ ከሰሞኑም ያስለዋል፤ መሀል ሜዳ ላይ ቆሞ ዝናቡ ይወርድበታል። ዘጠና ገሳ የጎነጎነ ይሁን ዘጠኝ መቶ እንጃ፣ ለራሱ አንድ የለውም።

ጦይባ አየችው። ከጨውዋ ላይ ገሳውን አነሣች። ሮጣ ሄዳ አለበሰችው።

«ጨውሽ እኮ» አላት።

«ይቅለጥ» አለች።

ሰዉ ይህን አየ። ያ ይመርን ሲከስ፣ ሲገፋ፣ ዝም ሲል የኖረ ሕዝብ ይህን አየ። አንዱ ጋቢውን ከላዩ አወለቀና ጨዉ ላይ ጣለ። ሌላው አጎዛውን ጣለ። ሌላዋ ሌማቷን ደፋችበት። የጦይባ ጨው ያን ቀን ከሰው ሁሉ በላይ ለበሰ፤ አንዲት አሞሌ አልቀለጠችም። ሰዎቹ በስብሰው ቤታቸው ገቡ። እስኪሞቱ ድረስም ያንን ቀን እያነሡ ይኮሩበት ነበር፤ አያቴ ከነሱ አፍ ሰምቷል።

ይመር በሰው መሀል አረጀ፣ በሰው መሀል ሞተ። መቃብሩ የት እንደሆነ አናውቅም። ሥራው ግን አልጠፋም። እዚህ ገበያ ዝናብ ሲጥል ነጋዴ ሁሉ አፉን ይዘጋል፤ ዋጋ ብትጠይቁት አይመልስላችሁም። ያቺን ጃንጥላ ሻጭ ታያላችሁ? ሲዘንብ ጃንጥላ ሽጪልን ብትሏት አትሸጥላችሁም። ታውሳችኋለች፤ ቅዳሜ ትመልሳላችሁ። የከተማ ሰው ይህን ሲያይ ልጅቷ አእምሮዋ ደህና አይደለም ይላል። እኛ ደግሞ በሰው ችግር ላይ ዋጋ የሚጨምር ሰው ስናይ፣ «በዝናብ ዋጋ አይነገርም» እንለዋለን። ስድብ አይደለም፤ ግን የተባለው ሰው ከስድብ ይልቅ ያፍርበታል።

ይኸው ዝናቡ ጠብ አለ። መጥረጊያዎቼን ተዉአቸው፤ መጥረጊያ ቢረጥብ ይደርቃል። እዚያ ጥግ አሞሌ የዘረጋችውን ሴት አያችኋት? ተነሡ፣ የያዛችሁትን ይዛችሁ ኑ። መጀመሪያ ጨዉ ነው።