ምስጋና በአንበሳ ደን

አንበሳ በሚገዛው በዚያ ሰፊ ደን ስድብን የሚፈራ አልነበረም። የሚፈራው ምስጋና ነበር። ዝናብ ሲጠፋና ሣሩ ሲሳሳ አንበሳ ጉባኤ ይጠራል፤ አንዱ እንስሳ ተነሥቶ ስለ ሌላው ትጋት ያማረ ንግግር ያደርጋል፤ ተመስጋኙም ሳይመሽ ከደኑ አጥር ውጭ፣ ጅቦች ወደሚዞሩበት ሜዳ ይሸኛል። "ተባረረ" ማለት ነውር ነው። የተከበረ ደን ነዋ።

በዚያ ዓመት ከውኃ ክፍል አንዱ እንዲመሰገን ተወሰነ። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁለት ናቸው፤ ከወንዝ የሚያመላልሰው አህያና ገንዳው አፍ ላይ ተቀምጣ የምታከፋፍለው ጦጢት። የደኑ ሹም ቀበሮ ጦጢትን ለብቻዋ አስጠራት።

"እመት ጦጢት፣ ደኑ ሁለታችሁንም መቻል አቅቶታል። እኔ እንኳ ለሁለታችሁም አዝናለሁ። እስቲ ስለ አህያ የምታውቂው ነገር ካለ?"

ጦጢት ልጆቿ ትዝ አሏት። "ጀርባው ቆስሏል" አለች። ቃሉ ከአፏ እንደወጣ ራሷን ጠላች፤ ግን አልመለሰችውም። ቁስሉን ያሳያት አህያው ራሱ ነበር፣ "ለማንም እንዳትነግሪብኝ እህቴ" ብሎ።

"ጎሽ" አለ ቀበሮ። "እንግዲህ ከአንቺ የበለጠ የሚያውቀው የለም፤ ምስጋናውንም አንቺው ታቀርቢያለሽ።"

በጉባኤው ቀን ጦጢት ቆማ ስለ አህያው ትዕግሥት፣ ስለ ጫንቃው ብርታት ተናገረች። አንበሳ በጥሞና የሚያዳምጥ መስሎ ያዛጋል። ሚዳቋ አንገቷን ደፋች፤ ከርከሮ መሬት መሬቱን አየ። ጦጢት ከተናገረችው አንድም ሐሰት አልነበረበትም፤ አንጀቷን ያቃጠላትም እሱ ነው።

አህያው ግን ጆሮውን አቆመ፤ ፊቱም በራ። ጉባኤ በተጠራ ቁጥር እሱ ወንዝ ነበር፤ በዚህ ደን ምስጋና ምን ማለት እንደሆነ የነገረው ማንም የለም። ወደ ፊት ወጣና ለአንበሳ እጅ ነሣ።

"ጌታዬ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። ይህን ሁሉ ዘመን ስለፋ ያየኝ የለም እል ነበር። ግን ምስጋናው ለእኔ ብቻ አይገባም። ጀርባዬ ሲቆስል ቅጠል ቀጥቅጣ ያደረገችልኝ ጦጢት ናት። ከእሷ በቀር ቁስሌን ያየ የለም፤ እሷም ለማንም ትንፍሽ አላለችም። እንዲህ ያለ ታማኝ ከየት ይገኛል? እባክዎ እሷም ትመስገንልኝ።"

አንበሳ ወደ ቀበሮ ዞረ። ቀበሮም ነገሩ መልካም ነው በሚል ዓይን አየው።

ጦጢት "ታማኝ አይደለሁም" ብትል ትድን ይሆናል። ይህን ለማለት ግን ያደረገችውን በአህያው ፊት መናገር ሊኖርባት ነው። አፏን ከፈተች፤ የአህያውን ፊት አየችና መልሳ ዘጋችው።

ግራና ቀኟ የነበሩት እንስሳት ቀስ እያሉ ፈቀቅ አሉ። አህያው ቦታ የለቀቁለት መስሎት ሁሉንም እያመሰገነ መጣና አጠገቧ ተቀመጠ።