ሁለት አገር ያዋጣው ጦር

በእኛ በኩል ሁለት ወዳጆች ከመጠን በላይ ሲከባበሩ ያየ ሽማግሌ አንዲት አባባል ጣል ያደርጋል። የሰማው ሁሉ ይስቃል። አባባሏ የተወለደችበት ቀን ግን ሳቅ አልነበረበትም።

ጥቁር አፈርና ወይራ ገደል አንድ ወንዝ የሚለያቸው አገሮች ነበሩ። ጥቁር አፈር ብረት እንጂ ደህና እንጨት የለውም። ወይራ ገደል ቀጥ ያለ ወይራ እንጂ ብረት የለውም። ስለዚህ ከቅድመ አያቶቻቸው ጀምሮ ጦርን በጋራ ይሠሩ ነበር፤ ብረቱ ከወዲህ፣ ዘንጉ ከወዲያ። ከቆላ ወራሪ ሲነሣ አንዱ ያለ ሌላው አይዘምትም። ቢፈልግስ በምን ይዘምታል?

ክረምቱ ወጥቶ ወንዙ ሲጎድል የጥቁር አፈር ቀጥቃጮች ወናፋቸውን ተሸክመው፣ የወይራ ገደል ሰዎች በቅቤ ታሽቶ በእሳት የተቃናውን ዘንግ አስረው አሸዋው ላይ ይገናኛሉ። እያንዳንዱ ብረት ከዘንጉ ጋር እዚያው ይገጠማል። የብረቱ አንገት ይግላል፤ ዘንጉ ይገባበታል፤ ውኃ ይደፋበታል፤ ብረቱ ሲበርድ እንጨቱን ይነክሳል። ይህ ሁሉ የሚሆነው በስድብ ነው።

«ይኼ ዘንግ ነው ወይስ የቤት ምሰሶ?» ይላል ቀጥቃጩ።

«አንተስ ቀዳዳውን በመርፌ ነው የበሳኸው?» ይላል ባለዘንጉ።

አንዱ ይልጋል፣ ሌላው ያሰፋል። ሥራው ሲያልቅ ከአንድ መሶብ ይበላሉ።

የቀጥቃጮቹ አለቃ ዳምጤ የሚባል ሰው ነበር። የማዶው የዘንግ ሠሪዎች አለቃ ደግሞ ሰጥአርጌ ይባላል። ሁለቱ ከልጅነት እስከ ሽበት በዚያ አሸዋ ላይ ሲሰዳደቡ ኖረዋል።

አንድ ዓመት የቆላው ወራሪ በዝቶ እንደሚመጣ ተሰማ። የሁለቱ አገር ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። በሬ ታረደ። የአባቶች መሐላ ታደሰ፤ የጦሩም ብዛት በእጥፍ እንዲጨምር ተቆረጠ። ከዚያ አንዱ ሽማግሌ ተነሥቶ፣ «እንዲህ ተማምለን፣ አሸዋ ላይ መሰዳደቡ ነውር ነው። ዘንድሮ ሁሉም ጨርሶ ያምጣ፤ በምርቃት እንረካከብ። ወዳጅ ወዳጁን አይለካም» አለ። ሁሉም «ደግ ተናገርክ» አለ። ዳምጤም ደግ አለ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ግን ውስጡን አንድ ነገር ይበላው ጀመር፤ ምን እንደሆነ ለራሱም አልታወቀውም።

ብረቱን ሲቀጠቅጥ ሰጥአርጌ ትዝ አለው። «ሁልጊዜ ጠበበ ይለኛል» ብሎ አሰበ። «ዘንድሮ አፉን ላስይዘው።» የጦሮቹንም አንገት አሰፋ።

ወናፉን የምትነፋው ሚስቱ ውዴ አየችው።

«ማን አዘዘህ?»

«ማንም። ለወዳጅ ብዬ ነው።»

«ነግረኸዋል?»

«ከነገርኩትማ ምኑን ስጦታ ሆነ?»

ውዴ ወናፉን ረገጥ አድርጋ ነፋች።

የርክክቡ ቀን አሸዋው ላይ የመዶሻ ድምፅ አልተሰማም። ብረቱ በእስር፣ ዘንጉ በእስር ለየአገሩ ተከፈለ። ተሳሳሙ፤ ተመራረቁ። ዳምጤ እጁን የሚያደርግበት አጥቶ አንዴ ወደ ኋላው፣ አንዴ ወደ ብብቱ ሲከት ዋለ።

ቤት ሲገባ ልጁ አንለይ የራሱን ጦር ሲገጥም አገኘው። የመጀመሪያ ዘመቻው ነበር፤ ለዳምጤም ያለው ልጅ እሱ ብቻ ነው። ዳምጤ ጦሩን ተቀብሎ ነቀነቀው። ብረቱ ተንቀጫቀጨ።

«ምን ጠቀለልክበት?»

«ቁራጭ ቆዳ ነው አባባ። ትንሽ ይላላል።»

«የጓደኞችህስ?»

«ሁሉም ጠቅልሏል።»

«ለምን አትናገሩም?»

አንለይ ግራ ገባው። «የወዳጅ ዘንግ ላላ ይባላል እንዴ?»

ዳምጤ ፊቱን አዞረ። አብዝቼ አስፍቼዋለሁ ብሎ አፈረ። ተቀመጠ፤ ተነሣ፤ ደጁን ከፍቶ ወደ ቆላ አየ።

«ወንዙ ይኸው፤ እግርህ ይኸው» አለች ውዴ። «ሂድና ንገረው። መልሳችሁ ብትገጥሙ ምን ትሆናላችሁ?»

ሄደ። ሰጥአርጌን ወንዙ ዳር አገኘው፤ እሱም ወደዚህ ለመሻገር ጫማውን አውልቆ ቆሟል።

«ደህና ነህ ዳምጤ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንተስ?»

«ይመስገን። ዘንጉ እንዴት ነው?»

«ዘንግማ ያንተ! ምን ይወጣለታል? ብረቱስ?»

«ብረትማ ያንተ ብረት።»

ሰጥአርጌ የጋቢውን ጫፍ ይጠመዝዛል። ዳምጤ አየው፤ አንድ የሚለው ነገር አለ ብሎ ጠበቀ። ሰጥአርጌም የሚጠብቅ ይመስላል። ውኃው ይፈሳል። በመጨረሻ ተሳስመው ወደየመጡበት ተመለሱ።

«ነገርከው?» አለች ውዴ።

«ጦሩን አመሰገነ። ከዚያ ወዲያ በምን አፌ?»

«በሌላ ጊዜ በምትሰድበው አፍህ።»

ዳምጤ ነገ ልመለስ ብሎ አሰበ። በማግስቱ ግን ከበሩ እሪታ ተሰማ። በር ማለት ከቆላ የሚያስወጣው ጠባብ መንገድ ነው። የሁለቱም አገር ጎልማሶች ጦራቸውን እየነጠቁ ሮጡ። አንለይ አባቱን ጉልበቱን ስሞ ከፊት ሆነ። ዳምጤና ሌሎቹ ሽማግሌዎች ከሴቶቹ ጋር ከበሩ በላይ ካለው ገደል አፍ ላይ ወጡ።

ወራሪው ብቅ አለ። የእኛዎቹ ጦራቸውን ወደ ኋላ ስበው ወረወሩ። ከብረቱ ብዙው ገና ሲወዘወዝ ተነቅሎ ከወርዋሪዎቹ እግር ሥር ወደቀ። ዘንጉ ብቻውን በረረ።

ከወራሪዎቹ አንዱ ዘንግ ከመሬት አንሥቶ ተደገፈው። «እግዜር ይስጥልን» አለ፤ ድምፁ ገደሉ ላይ ድረስ ተሰማ። «አባቴ ምርኩዝ አጥቶ ነበር።»

ከታች የሁለቱ አገር ልጆች ባዶውን ዘንግ እንደ ዱላ ይዘው ተጋጠሙ። ወይራ ነውና አልተሰበረም፤ ግን ዱላ ጦርን እስከመቼ ይመክታል? ዳምጤ አንለይ ትከሻውን ተወግቶ ሲወድቅ አየ። ድንጋይ አነሣ። ሽማግሌውም ሴቱም አነሣ። ቋጥኙ እየተንከባለለ ሲወርድባቸው ወራሪዎቹ ወደ ኋላ ሸሹ፤ ከበሩ ሥር የተሰማራውን ከብት ግን ነድተው ሄዱ።

ቁስለኞቹን አሸዋው ላይ፣ ወንዙ ዳር ካለ ሾላ ጥላ ሥር አስተኟቸው። አንለይ ደሙ ቆመ፤ የቁስል አዋቂው «ይተርፋል፤ በዚህ እጁ መወርወሩን ግን እንጃ» አለ። ዳምጤ ይህን ሰምቶ ወደ ሰጥአርጌ ሄደ። ሰጥአርጌ ቀደመው።

«ጥፋቱ የኔ ነው ወንድሜ። ሁልጊዜ ወፈረ ትለኛለህና ዘንድሮ ላስደስትህ ብዬ አቀጠንኩት።»

ዳምጤ ክው አለ። «አንተም? እኔ እኮ ጠበበ ስለምትለኝ አሰፋሁት።»

«የለም፣ የኔ ይብሳል።»

«ኧረ የኔ ነው። አንተ ልትወቀስ አይገባም።»

«ተው እንጂ፣ እንዴት አንተ ትወቀሳለህ?»

ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ «ይህ ነው ወዳጅነት» ማለት ጀመሩ። ውዴ ከልጇ ራስጌ ተነሥታ መጣች። ቀሚሷ በደም ረጥቧል። አንድ ብረትና አንድ ዘንግ በመካከላቸው ጣለች።

«አያ ሰጥአርጌ፣ ይኼ ብረት ምን ይመስልዎታል?»

«መቼም... የዳምጤ እጅ ምን ይወጣለታል...»

«ልጄ እዚያ ተኝቷል። ምን ይመስልዎታል?»

ሰጥአርጌ ብረቱን አነሣ። አውራ ጣቱን በአንገቱ ውስጥ ከተተና አዞረው። ዙሪያውን አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «የሚያዛጋ አህያ ይመስላል» አለ።

ሽማግሌዎቹ ደነገጡ። ዳምጤ ግን ከስንት ጊዜ በኋላ ደረቱ ላይ የተጫነው ነገር ሲነሣ ተሰማው። ዘንጉን አነሣ።

«ያንተስ? ይኼ ዘንግ ነው? ዶሮ ቢሰፍርበት ይጎብጣል።»

«ዓይንህ ነው የጎበጠው። ወናፍህን አምጣ፤ አንገቱን አጥብበው።»

«መጀመሪያ አንተ ደህና እንጨት አምጣ። ይኼን ለጥርስ መፋቂያ ውሰደው።»

ወናፉ መጣ። እሳቱ ተያያዘ። አንዱ ሲገጥም ሌላው ሲነቅል፣ ድምፃቸው ወንዙን ተሻግሮ ይሰማ ነበር። ዳምጤ አንዱን ጦር ውኃ ደፍቶበት ጎተተው፤ አልላቀቅ አለ። እንደገና ጎተተው።

አንለይ ከተኛበት ቀና ለማለት ሞከረ። «እማዬ፣ አባባና አያ ሰጥአርጌ ተጣሉ እንዴ?»

«ዛሬ ታረቁ» አለች ውዴ፣ ራሱን ወደ ጉልበቷ እየመለሰች፤ «አንተም ከወዳጅህ ጋር ስትማማል ይህን አትርሳ፤ በይሉኝታ የተጋባ ጦር፣ ሜዳ ላይ ይፋታል።»