የይርገዱ ግድግዳ

በአንድ ሐይቅ ዳር ባለ ቆላ አንዲት ሴት ነበረች። በመንደሩ ሁሉ የታወቀችው በግድግዳዋ ነው። እበቱን ከቀይ አፈር ጋር ለውሳ፣ በመዳፏ እያለሰለሰች ስትለቀልቀው እጅ በአፍ ያስጭናል። እንግዳ ገብቶ ግድግዳዋን ሳያደንቅ ከተቀመጠ ቅር ይላታል። ስሟ ይርገዱ ነው። በዚህ ጉባኤ ያላችሁ ወንዶች፣ አትሳቁ፤ የእናንተንም ግድግዳ እናውቀዋለን።

በነሐሴ መጨረሻ የወባ መድኃኒት ረጪዎች መጡ። ዕቃዋን አስወጥተው ቤቱን ረጩት። ሲደርቅ ያ የሚያምር ግድግዳ በነጭ ተዥጎርጉሮ ቀረ። የቀበሌው ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ስንዱ አደራ አለቻት። ትንኟ ደም ጠጥታ ስትከብድ ግድግዳ ላይ ታርፋለች፤ ያረፈችበት መድኃኒት ይገድላታል፤ ስለዚህ እስከ ስድስት ወር እንዳይለቀለቅ።

ይርገዱ እሺ አለች። ከልቧ ነው እሺ ያለችው፣ ይህን ያዙልኝ። ረጪዎቹን ከደጅ አልመለሰችም። እንዲያውም ጠላ ቀድታ ነው የሸኘቻቸው።

ሳምንት ሳይሞላ መልእክት ደረሳት። ልጇ የዝና የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች። በወጉ መሠረት እናቷ ቤት ልትወልድ ትመጣለች፤ የምታመጣትም አማቷ ናት። ይርገዱ ቀና ብላ ግድግዳዋን አየችው። የልጄ አማት ይህን ዝንጉርጉር አይታ ምን ትለኛለች? ከምን ዓይነት ቤት ነው ልጅ ያመጣነው አትልም?

«ፊት ለፊቱን ብቻ ላስነካው» አለች። ፊት ለፊቱ ሲያምር ጎኑ አስጠላት። ጎኑ ሲያምር ጓዳው ቀረ። እስከ ማታ ቤቱ በሙሉ ተለቀለቀ። አጎበሩም ቤት ያጠባል ተብሎ ተጠቅልሎ ተሰቀለ።

አማት የዝናን ይዛ መጣች። ግድግዳውን በእጇ ዳሰስ አድርጋ አመሰገነች። ይርገዱ የዚያን ቀን ደስታዋን አልቻለችውም።

እስኪ ልጠይቃችሁ፤ መድኃኒቱ የት ሄደ? የትም አልሄደም። እዚያው ነው። ከእበቱ ሥር ነው።

በዚያው ሰሞን የይርገዱን ባል ወባ ከእርሻ ላይ ያዘው። ተንቀጠቀጠ፣ ክኒኑን ዋጠ፣ ተነሣ። እሱ ተኝቶ ሳለ ግን አንዲት ትንኝ ከደሙ ጠጣች። ጠጥታም ከበዳት፤ ግድግዳው ላይ አረፈች። በዚያ በተመሰገነው ግድግዳ ላይ። ምንም አልሆነችም። ሰነበተችና ወደ የዝና ሄደች።

የዝና የስምንት ወር እርጉዝ ሆና በትኩሳት ነደደች። ሰው ማወቅ ሲያቅታት ጎረቤት በቃሬዛ ተሸክሞ ጤና ጣቢያ አደረሳት። እናትየው ደጅ ላይ ተቀምጣ ስንዱን ስታያት ተነሣች።

«ተረጭቶ ነበር እኮ» አለቻት። «ቤቴ ተረጭቶ ነበር።»

«ተረጭቷል፣ እትዬ ይርገዱ» አለች ስንዱ ቀስ ብላ። «ግን ትንኟ ያረፈችው በእርስዎ እበት ላይ ነው።»

ይርገዱ መዳፎቿን ገልብጣ አየቻቸው። በእነዚያ እጆች ፊቷን ሸፍና ሦስት ቀን ለመነች፤ አምላክም ሰማት። የዝና ዳነች፤ በወሩም ሴት ልጅ በደኅና ተገላገለች።

በዓመቱ ረጪዎቹ ተመለሱ። የዝና ልጇን ይዛ ለመስቀል ልትጠይቅ መጥታለች። መንደሩ ለበዓሉ ሲለቀልቅ የይርገዱ ቤት እንደ ተዥጎረጎረ ቆመ። ጎረቤቷ አስካለ አላስቻላትም፤ ምነው ዘንድሮ ቤትሽን ጣልሽው አለቻት።

«ልጅቱ ውስጥ ተኝታለች» አለች ይርገዱ።

ወገኖቼ፣ ከመካከላችሁ የእግዚአብሔርን ቃል ከደጁ የመለሰ ማን አለ? ማንም የለም። እሺ ብላችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም አልቅሳችሁ ተቀብላችኋል። ከዚያ ሰኞ ይመጣል። ከወንድምህ ታረቅ ተብለህ እሺ ያልከው ሰው፣ ዘመድ እንዳይንቅህ ብለህ ስንት ጊዜ ለቀለቅከው? በሐሰት አልመሰክርም ያልሽው እህቴ፣ ማኅበርተኞችሽ እንዳይቀየሙሽ ብለሽ ስንት ጊዜ አስነካሽው? ፊት ለፊቱን ብቻ ብለን ነው የምንጀምረው። ቃሉን አልጣልነውም። ለቀለቅነው እንጂ።

ከዚያም ልጆቻችን ሲታመሙብን ተረጭቶ ነበር እኮ እንላለን። እኮ፣ ምኑ ላይ ነው ክፉው የሚያርፈው?

እኔ ግን አልፈራላችሁም። የረጨው ሳይሰለች ዘንድሮም መጥቷል፤ መድኃኒቱም ያው ነው፤ ክፉውን ይገድላል። እናንተ ብቻ እጃችሁን ሰብስቡ። ይዥጎርጎር። የሚታዘባችሁም ይታዘባችሁ። ልጆቻችሁ ውስጥ ተኝተዋል።